የመጸው ወራት ኑሮ በየጁ አገር፤ ሁለት ሕፃናት ያሉት ቤተ ሰብ በወልድያ፣ በመርሳና በሐብሩ

የወራቱ ስምና የአገሩ አቀማመጥ

በኢትዮጵያ ሊቃውንት አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ክፍላተ ዘመን ይመደባል። ክረምት መስከረም 25 ቀን ከተፈጸመ በኋላ፣ ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ጊዜ መጸው ይባላል። ይህ የመጽሐፍ ስሙ ነው። ገበሬው ግን ዝናቡ ሲያባራ፣ ምድሩ በአደይ አበባ ሲሸፈን፣ እሸትም መታየት ሲጀምር ወራቱን ጥቢ ብሎ ይጠራዋል። የመጽሐፉ አቆጣጠር ቀኑን ተከትሎ የሚሄድ ሲሆን፣ የገበሬው አቆጣጠር ሰማዩንና ማሳውን ተመልክቶ የሚፈርድ ነው። ሁለቱ በመልካም ዓመት ይገናኛሉ፤ በክፉ ዓመት ይለያያሉ። በክፉ ዓመት መጸው በቀኑ ይገባል፤ ጥቢ ግን አይመጣም።

ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ቀድሞ የየጁ አውራጃ ዋና ከተማ የነበረች፣ ዛሬም የሰሜን ወሎ ዞን መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። ከእርሷ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ መርሳ ትገኛለች። መርሳ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከፍታዋ 1,600 ሜትር ገደማ ነው። ሐብሩ በምዕራብ በኩል ወደ ተራራው ይወጣል፤ በምሥራቅ በኩል ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል። ስለዚህ ወይና ደጋውና ቆላው በአንድ ወረዳ ውስጥ ጎረቤት ናቸው። የላይኛው አገር ሰው ጤፍና ገብስ ሲያጭድ፣ የታችኛው አገር ሰው ማሽላውን ከወፍ ይጠብቃል።

ስለ ጥቢ የሚነገረው ብዙው ነገር የጥጋብና የደስታ ነው፤ እንዲህ መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። የክረምት ጎተራ የሚጎድልበት ጊዜ አልፎ አዲሱ እህል የሚቀመሰው በዚህ ወራት ነው። ነገር ግን ከትናንሽ ሕፃናት በቀር ሌላ ልጅ በሌለበት ቤት፣ ይኸው የጥጋብ ወራት ከዓመቱ ሁሉ ይልቅ የሚያሠጋ ጊዜ ነው። ምክንያቱም ሦስት ነገሮች በአንድ ላይ ስለሚመጡ ነው፤ የእርሻው ሥራ ይበዛል፤ ብዙ ጊዜ ጡት የሚጣለው በዚሁ ሰሞን ነው፤ ንዳድም የሚነሣው ያን ጊዜ ነው። ከዚህ በታች እነዚህ ሦስቱ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጋጠሙና ቤተ ሰቡ በምን ብልሃት እንደሚያልፋቸው ይገለጻል።

አፍ እንጂ እጅ የሌለው ቤት

ጎጆ ከወጡ ጥቂት ዓመት የሆናቸው ባልና ሚስት፣ አራት ወይም አምስት ዓመት የሆነው ታላቅ ልጅና ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ታናሽ ያሏቸው እንደ ሆነ፣ በገበሬው ግምት ቤታቸው ድካም የሚበዛበት ቤት ነው። ልጅ ሰባትና ስምንት ዓመት ሲሞላው ጥጃና ፍየል ያግዳል፤ ከዚያም ከፍ ሲል ማሳ ይጠብቃል፤ ሴት ልጅ ውኃ ትቀዳለች፣ ታናናሾቿንም ታዝላለች። ከዚያ ዕድሜ በፊት ግን ልጅ የሚበላ እንጂ የሚሠራ አይደለም። እንግዲህ ሁለት ሕፃናት ብቻ ያሉበት ቤት አፍ አለው፤ እጅ ግን የለውም። ብዙ ልጆች ካሉት ቤት ይልቅ ሥራው የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው።

የአራት ዓመቱ ልጅ ፈጽሞ ሥራ ፈት ነው ማለት ግን አይደለም። በደጅ የተሰጣውን እህል ከዶሮ ይጠብቃል፤ ከምድጃ ወደ ጎረቤት ሄዶ እሳት ወይም ወንፊት ይዋሳል፤ እናቱ እንጀራ ስትጋግር ታናሹን ያጫውታል። እነዚህ ሥራዎች ጥቂት ቢመስሉም እናቲቱ ምጣዷን ትታ እንዳትነሣ ያደርጓታል። ልጁም በእነርሱ አማካይነት ቤተ ዘመዱንና የጎረቤቱን በር፣ የማንንም ስም ከነማዕረጉ ያውቃል። ለሽማግሌ አንቱ ማለትን፣ እቃ ሲቀበል በሁለት እጁ መቀበልን የሚማረው እንዲህ በመላላክ ነው።

ታናሹ በአንቀልባ ይታዘላል። አንቀልባው ከለፋ ቆዳ የተሠራ፣ አንዳንዱም በዛጎል የተጌጠ ሲሆን፣ ዛሬ በከተማና በመንገድ ዳር በብዙ ቤት በነጠላ ወይም በሌላ ጨርቅ ተተክቷል። ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ሳለ እናቲቱ ትፈጫለች፣ ታርማለች፣ ገበያ ትወጣለች። በአጨዳ ጊዜ ግን ጎንበስ ብሎ ለሚውል ሰው የታዘለ ልጅ ይከብዳል፤ ፀሐዩም ለልጁ አይስማማውም። ስለዚህ በማሳው ጫፍ ዛፍ ካለ በዛፉ ጥላ፣ ከሌለም በአገዳ በተሠራች ትንሽ ዳስ ሥር ይተኛል፤ ታላቁም ዝንብ እንዲከለክልለት አጠገቡ ይቀመጣል።

አያት ያለችበት ቤት ከዚህ ችግር ግማሹን ድኗል። በአዝመራ ጊዜ የባል ወይም የሚስት እናት መጥታ ጥቂት ሳምንታት ትሰነብታለች፤ ወይም ታላቁ ልጅ ወደ እርሷ ይላካል። አያት የሌለው ቤት ደግሞ የእኅት ወይም የወንድም ልጅ ይዋሳል። የመጣው ልጅ ምግቡን እየበላ፣ በመጨረሻም ልብስ ወይም ጥቂት እህል ተሰጥቶት ይመለሳል። ዛሬ ትምህርት ቤት በመስከረም ስለሚከፈት ይህ ብድር እየከበደ ሄዷል። በትምህርት ላይ ያለው የአሥር ዓመት ልጅ በጥቅምት ማሳ ሊጠብቅ አይችልምና፣ የትምህርቱ መስፋፋት ሕፃናት ብቻ ባሉት ቤት ላይ ያልታሰበ ሸክም ጨምሯል።

ማማና ወንፈል

በሐብሩ ቆላ ዋናው እህል ማሽላ ነው። ዘግይቶ የሚደርሰው የማሽላ ዓይነት በሚያዝያና በግንቦት ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። ፍሬው ወተት መያዝ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ እስኪደርቅ ድረስ ወፍ ይጠላዋል ማለት አይቻልም። ግሪሳ የተባለው ወፍ መንጋ ሆኖ ሲወርድ አንድን ማሳ በጥቂት ቀን ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህ በማሳው መካከል ከእንጨት ማማ ይሠራል፤ ጠባቂው በላዩ ሆኖ ወንጭፍ ይወነጭፋል፣ ጅራፍ ያጮኻል። ወፍ የሚበላው ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ስለ ሆነ ጠባቂው ከንጋት በፊት በማማው ላይ መገኘት አለበት።

ጠባቂ ልጅ በሌለው ቤት ይህን ሥራ የሚሠሩት አባትና እናት እየተፈራረቁ ነው። አባትየው ሌሊቱን ከዱር አራዊት ሲጠብቅ ካደረ፣ ማለዳውን እናቲቱ ትረከባለች። ሕፃኑ እንቅልፉ ሳይለቀው ይታዘላል፤ ታላቁም እየተጎተተ ይከተላል። የማለዳ ብርድና የባዶ ሆድ ጉዞ ሕፃናቱን ይጎዳል። ይህ ያልተመቻቸው ጎረቤታሞች ማሳቸው የተያያዘ እንደ ሆነ በአንድ ማማ ይጠባበቃሉ፤ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ያርፋል።

አጨዳውና ውቂያው ሲደርስ ወንፈልና ደቦ ይጠራል። ወንፈል የጉልበት ብድር ነው፤ ዛሬ ለአንዱ የተሠራው ነገ ለሌላው ይመለሳል። ደቦ ግን ጠሪው ምግብና መጠጥ አዘጋጅቶ ብዙ ሰው በአንድ ቀን የሚያሠራበት ነው። ሁለት ሕፃናት ያሉት ቤት ከደቦ ይልቅ ወንፈልን ይመርጣል፤ ለደቦ የሚሆነውን ጠላ የምትጠምቀውና እንጀራውን የምትጋግረው እናቲቱ ናትና። በዚህ አገር ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ መንደር ተጎራብቶ፣ ብዙ ጊዜም ተጋብቶ የሚኖር ስለ ሆነ ወንፈሉ በሃይማኖት አይለይም፤ ቀኑ ብቻ ይመረጣል። ክርስቲያኑ በዓል የሚያከብርበት ቀን ይተዋል፤ እስላሙ የጁምዓ ስግደቱን አድርሶ ይመለሳል። ለሐዘን የተቋቋመው ቅሬም በችግር ጊዜ እንደዚሁ ነው። እናት ከታመመች የቅሬው ሴቶች በተራ እየመጡ ልጆቹን ያበላሉ።

ጡት መጣልና የወተቱ ድርሻ

ልጅ ጡት የሚጥልበት ቀን የተቆረጠ አይደለም። እናቲቱ እንደ ገና ካረገዘች ፈጥኖ ይጥላል፤ ካላረገዘች ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይጠባል። በእስላሙ ዘንድ በቁርኣን ለማጥባት የተነገረው ጊዜ ሁለት ሙሉ ዓመት መሆኑ የታወቀ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም ሕፃን እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ከሌላ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ እንዲጠባ ይመክራል። ሆኖም ልማዱና ምክሩ ቢስማሙም፣ የአዝመራው ሥራ ግን ከሁለቱም ጋር አይስማማም። እናቲቱ ቀኑን በማሳ ስለምትውል፣ እህልም ስለ ተገኘ፣ ልጁን ለማስጣል የሚመቸው ጥቢ ነው ተብሎ ይታሰባል። ያን ጊዜ ጡቷን በሬት ትቀባለች፤ ልጁም ምሬቱን ቀምሶ ይሸሻል።

የዚህ አደጋ ከየጁ ውጭም በሩቅ አገር ታይቷል። ሲስሊ ዊሊያምስ የተባለች ሐኪም በጎልድ ኮስት፣ ማለት በዛሬይቱ ጋና፣ ስትሠራ የሕፃናትን እብጠትና መመንመን አጥንታ በ1933 እ.ኤ.አ. አሳተመች። በ1935 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሽታውን የአገሩ ሰዎች በጋ ቋንቋ በሚጠሩበት ስም ክዋሽዮርኮር አለችው። ትርጓሜውም ታናሽ ሲወለድበት ታላቁን የሚይዘው ደዌ ማለት ነው። እንግዲህ የዚያ አገር እናቶች በሽታውን የሰየሙት በምግቡ ጉድለት ሳይሆን በልጁ ቦታ ነው፤ ከእናቱ ጡት የተፈናቀለው ልጅ መሆኑን አይተዋልና።

በየጁ ቤት ለተፈናቀለው ልጅ መከታ የሚሆነው በመጀመሪያ ወተት ነው። ከክረምቱ በኋላ ሣር ስለሚበዛ ላም ያለው ቤት በመጸው ወተት ያገኛል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው 40 ቀን የጽጌ ጾም ነው፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን የሚያስታውስ ሲሆን፣ በፈቃድ የሚጾም ነው። ኅዳር 15 ቀን ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ይህ የአዋጅ ጾም ነው። ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ግን በጾም አይገደዱም። ስለዚህ በክርስቲያን ቤት አዋቂው ወተት በማይቀምስበት በዚህ ሰሞን የሚታለበው ወተት ለሕፃናቱ ይተርፋል። ይህ የሚሆነው ግን ወተቱ ተንጦ ቅቤው ለገበያ ካልሄደ ነው። በወልድያ ወይም በመርሳ ገበያ የሚሸጠው ቅቤ የግብርና የልብስ ገንዘብ ስለሚያስገኝ፣ በእናቲቱ ፊት የሚቀርበው ምርጫ ቀላል አይደለም።

ወተት በጉንጬ

ሁለተኛው መከታ እሸት ነው። በወሎ ገበሬዎች ከሚዘሩት የማሽላ ዓይነቶች መካከል ወተት በጉንጬ የሚባል አለ። ስሙ ጣዕሙን ይናገራል። ይህ ዓይነት ለጎተራ አይዘራም፤ ፍሬው ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ምርቱም ከሌላው ያነሰ ነው። ገበሬው ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ ጥቂት ይዘራና፣ ፍሬው ሊጥ መስሎ ሳለ ዛላውን ቆርጦ በእሳት ይጠብሰዋል። ትኩሱን በመዳፍ አሽቶ፣ እብቁን እፍ ብሎ ለልጅ መስጠት የጥቢ ደስታ ነው። ከዚህ ሌላ አገዳው እንደ ሸንኮራ የሚመጠጥ ጥንቅሽ የሚሉት ዓይነት አለ፤ ይህም ለልጆች ተብሎ በማሳው ዳር ይዘራል።

በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ሲንግና አክስቴል የተባሉ ተመራማሪዎች ከዓለም የተሰበሰበውን የማሽላ ዘር በብዛት መርምረው፣ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ከተለመደው አብልጦ የሚገኝባቸው ሁለት ዓይነቶች ማግኘታቸውን አስታወቁ። ሁለቱም የኢትዮጵያ ዘሮች ነበሩ። እንደ ወተት በጉንጬ ያሉት የወሎ እሸቶችም ከዚሁ ወገን መሆናቸው ታወቀ። ላይሲን በማሽላ ውስጥ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚጎድለው ነገር ነው፤ ማሽላ ብቻ የሚበላ ልጅ በሚገባ የማያድግበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ገበሬው ስለ ላይሲን ሳያውቅ፣ በጣዕሙና በልጆቹ ደስታ ብቻ ተመርቶ፣ ለተፈናቀለው ልጅ ከሁሉ የሚሻለውን ማሽላ ለዘመናት ጠብቆ ኖሯል።

ይህ ጥበቃ ዛሬ ደክሟል። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ የማሽላ ጥናት እንዳሳየው፣ ዘግይተው የሚደርሱት የአገር ዘሮች ከብዙ ማሳ እየወጡ፣ ፈጥነው የሚደርሱት ተተክተዋል። ዝናቡ ዘግይቶ እየገባ ፈጥኖ ስለሚወጣ ገበሬው እንዲህ ማድረጉ አያስወቅሰውም። በሐብሩ ወረዳ ውስጥ የሚገኘው የስሪንካ የግብርና ምርምር ማዕከልም ለድርቅና አቀንጭራ ለተባለው አረም የሚበቁ ዘሮችን ለማውጣት ብዙ ደክሟል። ነገር ግን ዘሩ የሚመዘነው በኩንታል ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፣ ለልጆች ተብሎ የሚዘራው ጥቂት እሸት በሚዛኑ ላይ አይወጣም።

ንዳድ

በመጸው ቤቱን የሚያስጨንቀው ሦስተኛው ነገር ንዳድ ነው፤ ዛሬ ወባ ይባላል። የክረምቱ ውኃ በየስፍራው ሲቋጥር፣ ፀሐዩም ሲሞቅ ትንኙ ይራባል፤ ስለዚህ በሽታው የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. ከክረምቱ መግቢያ እስከ መጸው መጨረሻ በኢትዮጵያ የተነሣው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደ ገደለ ተገምቷል። ወረርሽኙ የበረታው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው አገር ነበር፤ የመርሳና የወልድያ ከፍታ በዚሁ መካከል ነው። በዚህ ከፍታ የሚኖር ሰው በሽታው በየዓመቱ ስለማይጎበኘው የመከላከል ኃይል የለውም፤ ሲመጣ ግን ሕፃንና እርጉዝን አስቀድሞ ይጥላል።

በብዙ የኢትዮጵያ ቆላዎች እሸት በቆሎና ጥሬ አገዳ መብላት ንዳድ ያመጣል ተብሎ ይነገራል። ይህ አባባል እሸቱና ሕመሙ በአንድ ወራት ከመምጣታቸው የተነሣ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። ነገር ግን በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ በኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት፣ የወባ ትንኝ እጭ ውኃ ላይ የረገፈውን የበቆሎ ጽጌ ብናኝ ሲመገብ ፈጥኖና ወፍሮ እንደሚያድግ አሳይቷል። እንግዲህ እሸቱን መብላት አያሳምምም፤ በቆሎውን ከቤት አጠገብ መዝራት ግን ትንኙን ሊያበዛ ይችላል። ሕዝቡ ምክንያቱን ቢስትም፣ በቆሎውና ንዳዱ የሚተዋወቁ መሆናቸውን አልሳተም። ጉዳቱ፣ እናት ይህን ፈርታ ለልጇ እሸት የከለከለች እንደ ሆነ፣ ከትንኙ ሳታድነው ከምግቡ ታጎድለዋለች። ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ የሚመክሩት ሁለቱ ሕፃናት በአጎበር ሥር እንዲያድሩና ትኩሳት ሲታይ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ኬላ እንዲወሰዱ ነው። እናት ግን በማለዳ ማማ ላይ መሆን ካለባት፣ ይህ ምክር የሚፈጸመው ጎረቤት ማሳዋን ሲጠብቅላት ነው።

ጥቢ ያልመጣባቸው ዓመታት

በዚህ አገር የረኀብ ዜና ለዓለም የተሰማው ሁለት ጊዜ በጥቅምት ነው። በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት 8 ቀን ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው የወሎ ረኀብ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት 13 ቀን ደግሞ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ከነበረችው ከኮረም የተነሣው የማይክል በርክና የመሐመድ አሚን ዘገባ በቢቢሲ ቀረበ። ወሩ መገጣጠሙ እንዲሁ አይደለም። ክረምቱ ሲከዳ ሰው እስከ ጥቢ ድረስ በተስፋ ይቆያል፤ የሚሰደደው እሸት በሚታይበት ጊዜ እሸት ሲያጣ ነው። በመንገድም አስቀድሞ የሚወድቀው አዲስ ጡት የጣለው ልጅ ነው።

ከዚያ ወዲህም በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የበረሃ አንበጣ በሰሜን ወሎ ቆላ ደርሶ የቆመውን ማሽላና ጤፍ በላ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ ወደ አካባቢው ገብቶ፣ ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆየች። አብዛኛው መጸው ያለፈው በዚያ ሁኔታ ነው። ያን ዓመት ዝናብ አልጎደለም፤ የጎደለው ማሳ የሚጠብቅበት ሰላም፣ ክትባት የሚሰጥበት ጤና ጣቢያና ወንፈል የሚጠራበት መንደር ነበር። ጥቢን የሚያስቀረው ድርቅ ብቻ አለመሆኑን ይህ ያስረዳል።

መደምደሚያ

በየጁ አገር ልጅ በዕድሉ ያድጋል ይባላል። የቤቱ ሥርዓት በሙሉ ግን ይህን አባባል አያምንበትም። ማማውን መጋራት፣ የእኅትን ልጅ መዋስ፣ ወንፈሉን ለበዓል ቀን አለማድረግ፣ በጾም ወራት ወተቱን ለሕፃን መተው፣ በማሳው ውስጥ ምርቱ ጥቂት የሆነ እሸት መዝራት፣ ሁሉም ልጅን ለዕድሉ ብቻ ላለመተው የተደረጉ ናቸው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት በጎረቤት አገር በዋግ ከተማ ስም በተጠራው በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. እንዲያበቃ ቃል ገብቷል። ይህ ቃል በየጁ ቤት የሚፈተነው በጥቢ ነው፤ እናቲቱ በማሳና በሁለት ሕፃናት መካከል የምትቆመው ያን ጊዜ ነውና።

አጨዳው ከመጀመሩ አስቀድሞ ባልና ሚስት በማሳው ውስጥ እየዞሩ ለዘር የሚሆነውን ዛላ ይመርጣሉ። ትልልቁና የጠነከረው ለጎተራው ዘር ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ጥቂት የወተት በጉንጬ ዛላ ሳይጠበስ እንዲደርቅ ይተዋል፤ ታስሮም ከምድጃው በላይ በጭሱ መንገድ ይሰቀላል። ነቀዝ አይደፍረውም። ሚያዝያ ሲደርስ ይወርድና ከሌላው ዘር ጋር ይቀላቀላል፤ ያን ጊዜ ታናሹ በእግሩ ይሄዳል፤ በሚመጣው ጥቢም ዛላውን በእጁ ይዞ ይበላል።